ላም አለኝ በሰማይ! ከፕላዝማው ምን ተማርን?

ዘንድሮ "ዲጂታል" የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ሳይጠራ ከመድረክ የሚወርድ ሹም ማግኘት ብርቅ ሆኗል። "ስማርት ክፍል" ይባላል፤ "ታብሌት" ይባላል፤ "ስማርት ቦርድ" ይባላል፤ አሁን ደግሞ "አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ" መጥቷል። ሪባን ይቆረጣል፣ ይጨበጨባል፣ ካሜራው ያነሣል፣ የማታው ዜና ያሳያል። ይሁን፤ ቴክኖሎጂን የሚጠላ ወላጅ የለም፤ እኛም አንጠላም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ አለን። ካሜራው ከሄደ በኋላ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ኮላ ድባ ላይ ስድሳና ሰባ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ውስጥ ያ ዕቃ ምን ይሠራል?

ይህን የምንጠይቀው ለነገር ፍለጋ አይደለም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ! እኛ እባቡን አይተነዋል። ስሙም ፕላዝማ ነበር።

ሰማይ ላይ ያለችው መምህርት

በ1997 ዓ.ም. በወይዘሮ ገነት ዘውዴ ይመራ የነበረው ትምህርት ሚኒስቴር በሀገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግድግዳ ላይ የፕላዝማ ቴሌቪዥን መግጠም ጀመረ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተዘጋጅቶ፣ በእንግሊዝኛ ተቀርጾ፣ በሳተላይት እየተለቀቀ በአንድ ሰዓትና በአንድ ደቂቃ በየክፍሉ ይታይ ነበር። ሒሳቡ፣ ፊዚክሱ፣ ኬሚስትሪው፣ ባዮሎጂው፣ ሌላው ቀርቶ ሥነ ዜጋው እንኳ በፕላዝማ ሆነ።

እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ ከክፋት የመጣ አልነበረም። የሠለጠነ የሁለተኛ ደረጃ መምህር እጥረት ነበር፤ ቤተ ሙከራ የለም፤ ስለዚህ "አዲስ አበባ ያለውም ተማሪ፣ ቋራ ያለውም ተማሪ እኩል ጥሩ አስተማሪ ያግኝ" ነው የተባለው። በሕይወቱ የሙከራ ብልቃጥ አይቶ ለማያውቅ ልጅ የልብ አመታትና የአቶም ቅርጽ በሥዕል እየተንቀሳቀሰ መታየቱም ቀላል ነገር አልነበረም። ይህን የሚክድ ሰው ሐቀኛ አይደለም።

ታዲያ ምን ሆነ? መምህሩ መግቢያ ላይ ጥቂት ደቂቃ፣ መዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ተሰጠው። የቀረውን ጊዜ ከተማሪው ጋር ሆኖ ግድግዳ ሲያይ ይውላል። ስክሪኑ ላይ ያለችው መምህርት ጥያቄ ትጠይቃለች፣ ጥቂት ሰከንድ ትጠብቃለች፣ መልሱን ራሷ ትናገራለች፣ ታልፋለች። ከታች ክፍል ጀምሮ በአማርኛ የተማረው የደምቢያ ልጅ ገና ጥያቄውን በሆዱ እየተረጎመ ነው! "ቆይ አልገባኝም" ቢል የሚሰማው የለም። መምህሩም ቢሆን "እስቲ እዚህ ጋ አቁሚልኝ" ሊላት አይችልም፤ ሰማይ ላይ ናትና። መብራት በጠፋ ጊዜ ደግሞ ትምህርቱ ሄደ ማለት ነው፤ ሳተላይት ኮላ ድባ መብራት ጠፋ ብሎ አይጠብቅም። በሚቀጥለው ቀን ተማሪው የሚያገኘው ምዕራፍ ያልተማረው ምዕራፍ ተከታይ ነው።

ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ተረት ለዚህ ካልሆነ ለምን ሊሆን ነው?

ዓመታት አለፉ። ስክሪኖቹ አንድ በአንድ ተበላሹ። ጠጋኙ ሩቅ፣ መለዋወጫው ውድ፣ በጀቱ የለም። በብዙ ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የቀረው የብረት ሳጥኑና አቧራው ነው። ከሁሉ የከፋው ጉዳት ግን የዕቃው መበላሸት አይደለም፤ መምህሩ በገዛ ክፍሉ ውስጥ እንግዳ መሆኑ ነው። ለዓመታት "ዝም ብለህ ቁም፣ ማሽኑ ያስተምር" የተባለ ሰው፣ ማሽኑ ሲሞት "በል እንግዲህ አስተምር" ቢሉት ከየት ያምጣው?

በሬ ሲገዛ ቀንዱን ብቻ የሚያይ ገበሬ የለም

ከአዘዞ ወደ ጎርጎራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ኮላ ድባ የደምቢያ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የደምቢያ ገበሬ ጤፍና ሽምብራ የሚያበቅለውን ዋልካ መሬቱን ያውቃል፣ በሬውንም ያውቃል። በሬ ሲገዛ ጥርሱን ያያል፣ ኮቴውን ያያል፣ ይጎትት እንደሆነም ይጠይቃል። ቀንዱ ስላማረ ብቻ ገንዘቡን አውጥቶ የሚሰጥ የለም። እንግዲህ የኛ መንግሥት ለልጆቻችን ዕቃ ሲገዛ ከደምቢያ ገበሬ ያነሰ ጥንቃቄ ማድረጉ ነው የሚያሳዝነው።

ይህ ወረዳ ደግሞ ሌላም የሚያስተምረው ነገር አለው። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ ሰባት ሺህ ያህል ሰው ጨረሰ። በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት አንዱ መነሻ ይኸው እልቂት ነበር። ኮሌጁ ምን አደረገ? ከውጭ ሀገር ትልቅ ሆስፒታል አስመጥቶ ደምቢያ ላይ አልተከለም። መጀመሪያ በሽታውንና ሀገሩን አየ። ገጠር ገብቶ የሚሠራ የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን በቡድን አሠለጠነ። ተማሪዎቹም ኮላ ድባን ወደመሳሰሉ ጤና ጣቢያዎች እየወጡ ሥራውን እዚያው ሕዝቡ መካከል ተማሩ። የፀረ ወባ መድኃኒት ርጭቱም ቢሆን ደምቢያን ጨምሮ በጥቂት ቦታዎች በሙከራ ተጀመረ እንጂ በአንድ ቀን ሀገር ምድሩን አላዳረሰም። የወባ ማጥፊያ ድርጅት በሀገር ደረጃ የተቋቋመው ከሙከራው በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ነው።

ልብ በሉ! ለወባ ትንኝ በቅድሚያ ሙከራ ተደርጓል። ለልጆቻችን አእምሮ ግን በጥድፊያ፣ በአንድ ጊዜ፣ በመላ ሀገሪቱ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኸው ነው። የኛዋ ግን አፈሰሰች እንጂ አለቀመችም።

ሌላውም ዓለም ተታሏል

ይህ የኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2008 "ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ" የሚለው ዓለም አቀፍ ዘመቻ ወደ ሀገራችን ገብቶ ለጥቂት ትምህርት ቤቶች ጥቂት ሺህ ትናንሽ ላፕቶፖች ታድለዋል። በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ የዚሁ ዘመቻ አባት ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ፣ ወንጪንና ወለንጪቲን በመሳሰሉ ቦታዎች ለሚገኙ ትምህርት ቤት ያላዩ ሕፃናት በሶላር የሚሞላ ታብሌት እንደተሰጠና ልጆቹ ያለ አስተማሪ የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር መዘመር እንደጀመሩ ለዓለም አወራ። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፤ ማንም አይጠራጠርም። ነገር ግን "ኤ ቢ ሲ" ብሎ መዘመር ማንበብ ነው እንዴ? ማብሪያ ማጥፊያውን ማግኘትስ መማር ነው?

መልሱ ከፔሩ መጣ። ፔሩ ስምንት መቶ ሺህ የሚያህል ላፕቶፕ ለልጆቿ አድላለች። በ319 የገጠር ትምህርት ቤቶች ላይ የተደረገው ጥናት ውጤት በ2012 እ.ኤ.አ. ሲወጣ፣ ላፕቶፕ ያገኙት ልጆች በሒሳብም ሆነ በቋንቋ ካላገኙት ልጆች የተሻለ ውጤት አላመጡም። ላፕቶፑ ነበር፤ ትምህርቱ ግን አልነበረም።

ኬንያን ደግሞ እንይ፤ ጎረቤታችን ናት። በኪሱሙ አካባቢ አጥኚዎች ሦስት መንገድ አወዳደሩ። በአንዱ መሣሪያው ለተማሪዎች ተሰጠ፣ በሁለተኛው ለመምህራን፣ በሦስተኛው መምህራኑን ክፍል ድረስ እየሄዱ ለሚደግፉ ሱፐርቫይዘሮች። በሦስቱም መንገድ የልጆቹ ንባብ ተሻሻለ። መሣሪያውን ለተማሪው ሁሉ ማደል ግን ከሌሎቹ ጎልቶ የሚታይ ብልጫ አላመጣም። ከሁሉ የበለጠ ገንዘብ የበላው ግን እሱ ነው። የሚያስገርመው፣ ከወጪው አንጻር አዋጩ ለሱፐርቫይዘሩ የተሰጠው ሆነ።

እንግዲህ ርካሹስ? እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኒካራጓ ውስጥ ሒሳብ በሬዲዮ ተሰጠ። ሬዲዮው እንደ ዜና አይለፈልፍም፤ ይጠይቃል፣ ልጆቹ ጮክ ብለው እንዲመልሱ ፋታ ይሰጣል፣ መምህሩም አብሮ ይሠራል። የልጆቹ ውጤት በጉልህ ተሻሻለ። የመማሪያ መጽሐፍ የታደላቸውም ተሻሽለዋል። ሬዲዮና መጽሐፍ! ማንም ሪባን የማይቆርጥላቸው ዕቃዎች።

በ2023 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ራሱ ባወጣው ዓመታዊ ሪፖርት የትምህርት ቴክኖሎጂ ጥቅም ላይ አስተማማኝ ማስረጃው ጥቂት መሆኑን ተናግሯል። ሀብታሟ ስዊድን እንኳ በዚያው ዓመት "ልጆቹ ወደ መጽሐፍና ወደ እጅ ጽሕፈት ይመለሱ" ብላ ገንዘቧን ለመጽሐፍ መድባለች። እነሱ ጠግበው ሲመለሱ እኛ ገና ልንጀምር ነው?

በሽታው ምን እንደሆነ እንነጋገር

መድኃኒት የሚታዘዘው በሽታው ከታወቀ በኋላ ነው። የኛ ልጆች በሽታ ስክሪን ማጣት ሳይሆን ማንበብ አለመቻል ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በስምንት ክልሎች በተደረገው የታችኛ ክፍል የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። የዓለም ባንክም በኢትዮጵያ ከአሥር ልጆች ዘጠኙ በ10 ዓመታቸው ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም ብሏል።

እነዚህ ልጆች እየተገፉ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ይደርሳሉ። ከዚያ ጉዱ ይወጣል። በ2014 ዓ.ም. ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ። ከፍ ብሏል ብለን እንደሰት ይሆን? ከመቶ ልጅ ዘጠና አንዱ መውደቁ ግን አሁንም ሐቅ ነው። በ2015 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ቁጥራቸው ከ1,300 በላይ ነበር።

በዚህ ላይ የኛ አካባቢ ልዩ መከራ አለበት። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ጦርነት ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፣ መምህራንን አሳዷል። በ2017 ዓ.ም. ከአራት ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ እንደነበሩ የክልሉ ትምህርት ቢሮ ራሱ ተናግሯል። የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነበር። እንግዲህ "ትምህርቱን በኢንተርኔት ተከታተሉ" የሚለው መንግሥት፣ ኢንተርኔቱን የዘጋውም መንግሥት! አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ ሲውል መጽሐፉ በወቅቱ አልታተመም፤ "ሶፍት ኮፒው ተለቋል፣ አውርዱ" ተባለ። በምን ይወርድ? በየትኛው ስልክ? በየትኛው ኔትወርክ?

ስለ መብራትም ስንናገር፣ ደምቢያ የጣና ዳርቻ ናት። ከዚሁ ሐይቅ ውኃ ወስዶ 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው ጣና በለስ የተመረቀው በ2002 ዓ.ም. ነው። 5,150 ሜጋ ዋት ያመነጫል የተባለው ሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ደስ ብሎናል፤ የሕዝቡ ላብ ነው። ነገር ግን ከሀገሪቱ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አብዛኞቹ ዛሬም አምፖል የላቸውም። አምፖል ለሌለው ክፍል ስማርት ቦርድ? እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ!

ከመግዛት በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እንግዲህ ወቀሳ ብቻ አይበቃም። ነገ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ ተጠርቶ "ለቴክኖሎጂ አዋጡ" ቢባል፣ ወይም አንድ ረጂ ድርጅት ዕቃ ጭኖ ቢመጣ፣ የኮላ ድባ ወላጅ፣ ርዕሰ መምህርና የወረዳው ጽሕፈት ቤት ሊጠይቁት የሚገባውን እነሆ እንላለን።

አንደኛ፣ ይህ ዕቃ የትኛውን በሽታ ያክማል? "ዘመናዊ ለመሆን" መልስ አይደለም። "የሦስተኛ ክፍል ልጆች ማንበብ ስላልቻሉ" መልስ ነው። "ቤተ ሙከራ ስለሌለን" መልስ ነው። በሽታውን በአንድ ዐረፍተ ነገር መናገር ያልቻለ ሰው ዕቃ ሊያዝ አይገባውም።

ሁለተኛ፣ መብራትና ኔትወርክ ለሳምንት ቢጠፋ ይሠራል? ካልሠራ ለኛ ሀገር አልተሠራም ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ መምህሩ ሊያቆመው፣ ሊደግመው፣ ሊያፈጥነው ይችላል? የፕላዝማው ትልቁ ኃጢአት ይኸው ነበር። ዕቃው የመምህሩ አገልጋይ ይሁን እንጂ መምህሩ የዕቃው ዘበኛ አይሁን።

አራተኛ፣ ቋንቋው ልጁ የሚሰማው ነው? ይዘቱስ ልጁ ከሚፈተንበት መጽሐፍ ጋር ይገናኛል?

አምስተኛ፣ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? ጎንደር ላይ መለዋወጫው ይገኛል? ባትሪው፣ ቀለሙ፣ አምፖሉ በዓመት ስንት ይፈጃል፣ ከየትኛው በጀት? የመግዣውን ዋጋ ብቻ የሚነግራችሁን ሰው አትመኑት። ፈረስ የሰጠህ ሰው ገብሱን አብሮ አልሰጠህም።

ስድስተኛ፣ ለስንት ልጅ ይደርሳል? አርባ ታብሌት ለአንድ ሺህ ተማሪ ቢመጣ የሚነካው ማን ነው? ጉልበተኛው፣ የፊተኛው ረድፍ፣ የባለሥልጣኑ ልጅ። ከኋላ የተቀመጠችው ከገጠር በእግሯ የመጣች ልጅስ?

ሰባተኛና የመጨረሻው፣ የት ተሞክሮ ምን ውጤት አመጣ? ካልተሞከረ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ሴሚስተር ይሞከር። ተማሪዎቹ ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ በኋላ ይፈተኑ። ከተሻሻሉ ይስፋ፤ ካልተሻሻሉ ዕቃው ይመለስ።

ለሰባቱም ጥያቄ መልስ ያለው ዕቃ እሰየው። መልስ የሌለው ቀንዱ ያማረ በሬ ነው።

ታዲያ ለኮላ ድባ ምን ይሻላል?

መጀመሪያ መጽሐፍ ነው። ሳቅ ይመጣችሁ ይሆናል፤ ነገር ግን መጽሐፍም ቴክኖሎጂ ነው። መብራት አይፈልግም፣ ባትሪ አይጨርስም፣ በላም ጥበቃ ላይ ይነበባል፣ ለታናሽ ወንድም ይተላለፋል። ለእያንዳንዱ ልጅ በእያንዳንዱ ትምህርት አንድ መጽሐፍ ሳይደርስ ስለ ታብሌት ማውራት ነውር ነው። አባቶቻችን በአንዲት የፊደል ገበታ ስንቱን ሊቅ አወጡ! ጎንደር የአቋቋምና የትርጓሜ ሀገር የሆነችው በስክሪን አይደለም። አንዲት ገበታ፣ ፊደሉን የሚጠቁም እንጨት፣ ትልቁ ልጅ ትንሹን የሚያስተምርበት ሥርዓት። ዕቃው ትንሽ፣ አጠቃቀሙ ግን የተሟላ ነበር።

ደርግን የምንወቅስበት ነገር ሞልቷል፤ ቢሆንም በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሚሊዮኖችን ፊደል ያስቆጠረው በምን ነበር? በጥቁር ሰሌዳ፣ በጠመኔ፣ በ15 ቋንቋዎች በተዘጋጀ መማሪያ መጽሐፍና በሬዲዮ ነው። በዚያው ዘመን የነበሩት የአውራጃ የፔዳጎጂ ማዕከላትም ከቀርከሃ፣ ከካርቶንና ከቆርኪ የማስተማሪያ መርጃ ይሠሩ ነበር። ያ እጅ የት ሄደ?

ሁለተኛው ድምፅ ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶቻችን ሚኒ ሚዲያ አላቸው። አንድ አምፕሊፋየር፣ ሁለት ስፒከር፣ አንድ ማይክራፎን፤ በእረፍት ሰዓት ሙዚቃ ይለቀቅበታል። በዚያው ስፒከር በየጠዋቱ የአሥር ደቂቃ የንባብና የእንግሊዝኛ አነጋገር ትምህርት ቢለቀቅስ? በሚሞሪ ካርድ የሚሠራና በሶላር የሚሞላ ሬዲዮ ለየክፍሉ ቢኖርስ? ያለቀውን መመለስ ይቻላል፤ መምህሩም ያቆመዋል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ሲዘጋ ገጠር ያለው ልጅ ሊያገኝ የሚችለው ሬዲዮውን እንጂ ቴሌግራሙን አልነበረም። ትምህርት ቤቱ በተዘጋበት ቀበሌም ሬዲዮ ቤት ድረስ ይገባል፤ ኬላ አያቆመውም።

ሦስተኛው የመምህሩ ስልክ ነው። ብዙ መምህር ስማርት ስልክ አለው። የየትምህርቱ መምሪያ፣ አጫጭር ቪዲዮ፣ የቀደሙ ዓመታት ፈተና በሚሞሪ ካርድ ተጭኖ ለየመምህሩ ቢሰጥ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ይህን የሚያድለውና የሚያድሰው የጉድኝት ማዕከሉ፣ አጠቃቀሙን ክፍል ገብቶ የሚያሳየው ሱፐርቫይዘሩ ይሁን። የኪሱሙ ትምህርት ይኸው አይደለም?

አራተኛው አንድ ፕሮጀክተር ነው፤ ለየክፍሉ ሳይሆን ለትምህርት ቤቱ አንድ፣ ከሶላርና ከባትሪ ጋር። ለምን ብትሉ፣ ፕላዝማው ጥሩ ያደረገው አንድ ነገር ነበርና ነው፤ በዓይን የማይታየውን ማሳየት። ያንን መልካም ጎን ከሰማይ አውርደን ለመምህሩ እጅ እንስጠው። እሱ ሲፈልግ ይክፈተው፣ ሲፈልግ ይዝጋው፣ በአማርኛ ያብራራው።

አምስተኛው የኮምፒዩተር ክፍል ነው፤ እዚህ ላይ ግን መንግሥትን አንለቀውም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል። ማውዝ ነክቶ የማያውቅ ልጅ ከአዲስ አበባው ልጅ ጋር እኩል በኮምፒዩተር ይፈተን ማለት፣ ጫማ የሌለውን በእሾህ ላይ አሯሩጦ "ተሸነፍክ" ማለት ነው። ፈተናውን በኮምፒዩተር ላድርገው ያለ መንግሥት፣ ኮምፒዩተሩንም መብራቱንም የሚያስተምረውንም ሰው አስቀድሞ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ይህ የወላጅ መዋጮ ዕዳ አይደለም።

የመጨረሻ ቃል

አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። በዚህ ሁሉ ውስጥ የማይተካው መሣሪያ መምህሩ ነው። ደመወዙ ወር የማያደርስ፣ በሁለቱም ወገን የሚጠረጠር፣ በጥይት መካከል ጠመኔ ይዞ የሚቆም መምህር። የዕቃ ግዢ ኮሚቴ ሲቋቋም ግን ማን ይጠየቃል? ነጋዴው፣ የግዢ ክፍሉ፣ ካድሬው። የሦስተኛ ክፍልን ሃያ ዓመት ያስተማረችውን መምህርት "ምን ይጎድልሻል?" ያላት የለም። ብትጠየቅ ትናገር ነበር። ስልሳውን ልጅ በሁለት ክፍል ክፈሉልኝ፤ መጽሐፍ ስጡኝ፤ ሰሌዳውን ጥቁር ቀለም ቀቡልኝ፤ ከኋላ ላሉት አይታይም ትል ነበር። የሰሌዳ ቀለም ዋጋ ከታብሌት ዋጋ ጋር ይወዳደራል?

ለባለሥልጣናቱ የምንለው ይህ ነው፦ በሪባን አትምጡብን። ለየትምህርት ቤቱ ስንት ብር እንደተመደበ፣ ምን እንደተገዛ፣ ስንቱ እንደሚሠራ በትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፉ። ፕላዝማው ስንት ፈጀ፣ ምን አመጣ፣ ማን ተጠየቀ የሚለውን ሒሳብ ሳትዘጉ አዲስ ሒሳብ አትክፈቱ። ለተፋላሚዎቹም በሙሉ፣ ትምህርት ቤት የማንም ምሽግ አይደለም፤ ልጆቹን ልቀቋቸው።

ለወላጆች የምንለው ደግሞ ይህ ነው፦ ሲያዋጡ ይጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ገንዘቡ የእርስዎ ነው፣ ልጁም የእርስዎ ነው። ዕቃው ሲመጣ አብረቅራቂነቱን ሳይሆን ልጅዎ ከሦስት ወር በኋላ አንድ ገጽ አንብቦ ሊነግርዎት መቻል አለመቻሉን ይዩ። ካነበበ ዕቃው ጥሩ ነው፣ እንጨትም ይሁን መስታወት። ካላነበበ የመቶ ሺህ ብር ጌጥ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል ማለት ነው።

ከሰማዩዋ ላም ወተት የጠጣ ልጅ እስከ ዛሬ አላየንም። ደጃችን ያለችውን እናልባት።